ፈረሴ አምሮበታል ወይስ ወፍሯል? በምን ልወቀው?

የባለጋሪው ልጅ (አዳማ)
ጥቅምት 8

ሰላም ቤተሰብ። ጽሑፌ ረዘም ይላል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ታግሶ ያንብብልኝ።

አዳማ ተወልጄ አዳማ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ባለጋሪ ነበር። ስድስት ልጆች በልተን፣ ለብሰን፣ ተምረን ያደግነው በፈረስ ጉልበት ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። የመጨረሻው ፈረሱ ግን አለ። ስሙ ዳማ ነው፤ መልኩም ዳማ ነው። ገና ለጋ እያለ ከአርሲ ደጋ ገዝቶ ያመጣው ነው። አሁን 15 ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

አባቴ ሊያርፍ ሰሞን «ጋሪውን ሽጠው፤ ዳማን ግን እንዳትሸጠው» አለኝ። እንዳለው አደረግሁ። ጋሪው ተሸጠ። ጠፍሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ዳማ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ጀርባው ላይ አውጥቼ ሰፈሩን አዞራቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም።

በጋሪ ዘመኑ ጎድኑ ይቆጠር ነበር። ደረቱ ላይ ጠፍር የበላው ቁስል ነበረው። ቁስሉ ቢድንም ቦታው ላይ ነጭ ጠጉር በቅሎበታል፤ ዛሬም ይታያል። አባቴ ጨካኝ ሆኖ አይደለም። የቀኑ ገቢ ስድስት ልጅና አንድ ፈረስ ማብላት ሲያቅተው፣ መጀመሪያ የሚጎድለው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አባቴን የቀበርን ዕለት ማታ ዳማ ፊት ቆሜ «ከእንግዲህ ጎድንህን ማንም አይቆጥርም» አልኩት። ቃሌንም ጠበቅሁ። ጠዋት ሁለት ኪሎ ፉርሽካ በሞላሰስ አሽቼ እሰጠዋለሁ። ቀን ከወንጂ በኩል የሚመጣ የአገዳ ጫፍ። ማታ ድርቆሽ፣ እስኪበቃው። እሑድ ደግሞ ገብስ።

አሁን በደጃችን የሚያልፍ ሁሉ «ኧረ ዳማ አማረበት!» ይላል። የአባቴ ጓደኞች ሲያዩት «ነፍሱን ይማር፤ ልጁ ፈረሱን ካሰለት» ይላሉ። ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

ለመስቀል ግን የጎረቤታችን ልጅ መጣች። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። ዳማን ከአንገቱ ጀምራ እስከ ጭራው ሥር በእጇ ዳሰሰችው። ስትጨርስ «ጋሼ፣ ዳማ በጣም ወፍሯል። እግሩን ይጠንቀቁለት» አለችኝ።

ተቀየምኳት። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ጠጪ እንኳ ሳልላት ሄደች። ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ነገር በሁለት ደቂቃ ዳሰሳ ጥፋት ያደረገችብኝ መሰለኝ።

ከአምስት ቀን በኋላ ማታ ብቻዬን ስሆን እኔም እጄን ጋማው ሥር አስገባሁ። ከጋማው ሥር ጠንካራ ነገር አለ። እንደተጠቀለለ ፎጣ ነው። በአንድ እጄ ልጨብጠው ስል አልበቃ አለኝ። ለካ ሁልጊዜ አየው የነበረው ያ ነገር ጉልበት ይመስለኝ ነበር። ሌላም አለ። ሁለት ሳምንት ያህል ይሆነዋል፣ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ እሾህ የሚረግጥ ይመስል እየመረጠ ነው የሚረግጠው። ለስላሳ አፈር ላይ ደህና ነው።

አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄጄ ፎቶውን አሳየሁ። ሰውየው «ይሄማ ግሩም ፈረስ ነው» ብሎ ቫይታሚን ሸጠልኝ። አልሰጠሁትም፤ ልቤ አልተቀበለውም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ የአገር ፈረስ አማረበት የሚባለው የት ድረስ ነው? ወፈረ የሚባለውስ ከየት ጀምሮ? በዓይን ነው በእጅ? ሚዛን የለኝም። ወፍሮ ከሆነ ደግሞ እንዴት ልቀንስለት? ማስራብ አልችልም። ያን ቃል ገብቼለታለሁ።

---

ሶደሬ መንገድ
ጥቅምት 8

ርዕሱን ሳየው ስለ ጭነት መስሎኝ ነበር የገባሁት። ካልተቆጣችሁ እኔም ልጠይቅ። ከመልካሳ በኩል ሽንኩርት በፈረስ ጀርባ እናወጣለን። አንድ ኩንታል ይችላል ይላሉ ሰዎች። ፈረሱ ግን መሃል መንገድ ላይ ይቆምብኛል። ሰነፍ ነው ወይስ ከብዶት ነው?

---

31 ዓመት በጋሪ
ጥቅምት 9

ልጄ፣ አባትህን ነፍሱን ይማር። ስምህን ባላውቅም አባትህን ሳላውቀው አልቀርም። አዳማ ውስጥ ስንት ባለጋሪ ነበርን? ፖስታ ቤት አካባቢ ተሰልፈን ስንቆም በፈረሱ ነበር የምንለየው።

ቃልህን ስለጠበቅህ እግዜር ይስጥህ። አሁን ደግሞ የኔን ስማኝ።

እኛ አገር ከብት ሁሉ የሚታየው በሰንጋ ዓይን ነው። ሰንጋ ሲደልብ፣ ሽንጡ ሲሞላ፣ ሻኛው ሲያዘነብል ደስ ይለናል። ዋጋውም በዚያ ይጨምራል። ሰንጋ ግን ለፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው እግሩ ማን ይጨነቃል? ፈረስ አይበላም። ፈረስ ማለት እግር ነው። አንተን «አማረበት» የሚሉህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ፈረሱን እያዩ ዓይናቸው ላይ ያለው ግን ሰንጋ ነው።

እኔ ሚዛን ኖሮኝ አያውቅም። የኔ ሚዛን ጠፍሩ ነበር። ደረቱን ዙሮ የሚታሰረውን ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ቀዳዳ አለው። በጋ ላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ የነበረ ፈረስ፣ ነሐሴ ሲያልቅ አምስተኛው ላይ ይሄዳል። ሣሩ ነው። አልቆጣም ነበር፤ ምክንያቱም ጥር ሲመጣ ራሱ ይመልሰዋል። ፈረስ እንዲህ ነው የተፈጠረው። ክረምት ያስቀምጣል፣ በጋ ያወጣል።

ዳማ ግን በጋ የለውም። አንተ ቤት ዓመቱን ሙሉ መስከረም ነው።

እግሩን ስላልከው ነገር ቀልድ የለም። እየመረጠ የሚረግጥ ፈረስ አይቻለሁ፤ በኋላ የሆነውንም አይቻለሁ። ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ጥራ። ተማሪዋንም ይቅርታ ጠይቃት። በዚህ ዘመን ፈረስ በእጁ የሚዳስስ ወጣት ከየት ይገኛል?

---

ሐኪም ከቢሾፍቱ
ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጋሼ የጻፉልህን ሁለቴ አንብብ። እኔ የምጨምረው እንዴት እንደሚዳሰስና ስለ እግሩ ነው።

ከአስቸኳዩ ልጀምር። ሞላሰሱን፣ የአገዳውን ጫፍና ገብሱን ዛሬ አቁም። ቀስ በቀስ አይደለም፤ ዛሬ። ኮረኮንች ላይ አታስኪደው። ቅዳሜ የሚጋልበው ልጅም ይረፍ። የምትገልጸው አረማመድ ላሚናይቲስ የሚባለው የሰኮና ውስጥ ብግነት ጅማሬ ሊሆን ይችላል። ሰኮናውን ከውስጥ ካለው አጥንት ጋር አጣብቆ የያዘው ስስ ሥጋ ይቆጣል። ሲብስ አጥንቱ ከቦታው ይዞራል፤ ወደ ታችም ይሰምጣል። በወፈረ ፈረስ ላይ ዋናው ምክንያት ስኳር ነው። ስኳር የበዛበት መኖ ኢንሱሊኑን ከፍ ያደርገዋል፤ የኢንሱሊኑ መብዛት ደግሞ ሰኮናውን ይጎዳል። ሰው አገዳና ሞላሰስ ለፈረስ ሲሰጥ ፍቅሩን ነው የሚሰጠው፤ ይገባኛል። ለዳማ ግን አሁን መርዝ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ሐኪም መጥቶ እግሩን ይየው። እስከዚያው ራስህ የምታየው ነገር አለ። ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ በኋላ በኩል ወደ ጎን፣ ሁለት ጣት አሳርፍ። ደህና ፈረስ ላይ የደም ምቱን ፈልገህ በጭንቅ ታገኘዋለህ። ጣትህን እየመታ የሚዘል ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሲቆም የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ የሚጥል ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ስልክ ደውል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ፎቶ አልጠይቅህም። ፎቶ ያታልላል፤ ጠጉርም ያታልላል። ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ሆድ ነው። ጭድ የሚበዛበት ፈረስ ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው አጥንት ሊሆን ይችላል። ትል ያለበትም እንዲሁ። ስለዚህ ሆዱን ለጊዜው ተወውና እጅህን ተጠቀም።

መጀመሪያ ራስህ ላይ ተለማመድ። አንድ እጅህን ጨብጥና የአንጓዎቹን ጫፍ በሌላኛው እጅህ ዳስስ። አጥንት ብቻ ነው የሚሰማህ። ጎድኑ እንዲህ ከሆነ ፈረሱ ከስቷል። አሁን እጅህን ዘርጋና ጀርባውን ዳስስ። አጥንቱ አለ፤ ግን ስስ ነገር ለብሷል። ትክክለኛው ጎድን ይህ ነው። በዓይን አይታይም፤ እጅ ሲያርፍበት ግን ሳትጫነው ይገኛል። ቀጥሎ እጅህን ገልብጥና ከጣቶችህ ሥር ያለውን የመዳፍ ሥጋ ዳስስ። አጥንቱን ለማግኘት መጫን ይኖርብሃል። ጎድኑ እንዲህ ከሆነ ፈረሱ ወፍሯል።

ጎድን ብቻውን ግን አይበቃም። ፈረስ ስብ የሚያስቀምጠው በየቦታው ነው። አንዱ ፈረስ አንገቱ ላይ፣ ሌላው ዳሌው ላይ። ጋማው ሥር ዳስስ። ከወርቹ በስተኋላ፣ ክርን በሚመስለው ቦታ አጠገብ፣ ለስላሳ ትራስ አለ ወይ? የጭራው ሥር ግራና ቀኝ ተሞልቷል? ጀርባው መሃል ላይ አከርካሪው ከግራና ከቀኝ ስብ ተውጦ እንደ ቦይ ጎድጉዷል? ዝናብ ቢዘንብበት ውኃ የሚይዝ የሚመስል ከሆነ ብዙ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታስ ሞልቶ አብጧል?

በሙያችን ይህንን በነጥብ እናስቀምጠዋለን። በብዛት የምንጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ቴክሳስ የወጣው ከ1 እስከ 9 ያለው መለኪያ ነው። 1 ሊሞት የደረሰ ከሲታ ነው፤ 9 ደግሞ ስብ የዋጠው። 5 መሃሉ ነው። ለአንገት ብቻ ደግሞ ከ0 እስከ 5 ያለ ሌላ መለኪያ አለ። በአንድ እጅ የማይጨበጥ አንገት እዚያ ላይ 4 ያገኛል። 5 የሚባለው አንዴ ወደ ጎን ወድቆ የማይመለስ ነው። የዳማ አንገት ከገለጻህ 4 ይመስለኛል። ትልቅ ነገር ነው። አንገት ላይ የሚቀመጥ ስብ ከሌላው ይልቅ ከኢንሱሊን ችግር ጋር አብሮ ይታያል።

ሚዛን የለኝም ላልከው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሃል። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከትከሻው ከፍታ ኋላ፣ ደረቱን ዙር። ትንፋሹን ሲያወጣ ጠብቀህ አንብበው። ቀጥሎ ከትከሻው የፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለካ። ሁለቱም በሴንቲሜትር። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዛው፤ በርዝመቱ አባዛው፤ ለ11,877 አካፍለው። የሚወጣው በኪሎ የሚገመት ክብደቱ ነው። ግምት ነው፤ ከእውነተኛ ሚዛን ጋር ይለያያል። ዋናው ጥቅሙ በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው እጅ ሲለካ ለውጡን ማሳየቱ ነው።

ማስራብ አልችልም ብለሃል። ደግ ብለሃል፤ ማስራብም የለብህም። የወፈረ ትንሽ ፈረስ ድንገት ምግብ ሲከለከል ስቡ ወደ ደሙ ይለቀቅና ጉበቱን ይዘጋዋል። አህያና ትንንሽ ፈረሶች በዚህ ይሞታሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያኝከው ነገር ይኑረው፤ የሚያኝከው ነገር ስኳር የሌለው ይሁን። ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ክብደቱ፣ በቀን አንድ ተኩል ኪሎ ደረቅ መኖ። ከዚያ በታች አትውረድ። ድርቆሹን ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጠዋት ውኃውን ደፍተህ ስጠው፤ ከስኳሩ የተወሰነው ከውኃው ጋር ይወጣል። ጥቂት የጤፍ ጭድ ቀላቅልበት። አሞሌ ጨው አንጠልጥልለት።

ፉርሽካውም ይቅር። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ነው። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ፉርሽካ ብቻ እየበሉ የሚያድሩ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ካልሲየም ከአጥንታቸው እየተሳበ ፊታቸው ያብጥ ነበር። በሽታውንም የወፍጮ ቤት በሽታ ይሉት ነበር።

ጋሼ «ዳማ በጋ የለውም» ያሉት እውነት ነው። እንግሊዝ አገር ኤክስሙር የሚባል ትንሽ የአገሬው ፈረስ አለ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ካሉ ደሴቶች ደግሞ ሼትላንድ የሚባለው ድንክ ፈረስ ይመጣል። በነፋሻ ጋራና በጨው ነፋስ መሃል የኖሩ ናቸው። በበጋቸው ሣር ስብ ያከማቹና በክረምታቸው ብርድ ያወጡታል። ሰው ለም መስክ ላይ ሲያስቀምጣቸውና ክረምቱን ሲከለክላቸው ይወፍራሉ፤ በሰኮና ብግነትም በብዛት የሚታመሙት እነሱ ናቸው። የኛ የአርሲ ፈረስም በጥቂት መኖ ብዙ መሥራት የለመደ ነው። በደህና ቀን የሚበዛበት በክፉ ቀን ያዳነው ያው ጠባዩ ነው።

ሶደሬ መንገድ ለጠየቅከው፦ ፈረስህ ሰነፍ አይደለም። ብዙ ባለሙያ የሚስማማበት ልክ፣ ፈረስ በጀርባው የሚሸከመው ከነኮርቻው የክብደቱን አምስተኛ ያህል ነው። የአገር ፈረስ 230 ኪሎ ቢመዝን 46 ኪሎ ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል እንኳ አልሞላም። አንድ ኩንታል ጭነህበት መሃል መንገድ መድረሱ ራሱ ብዙ ነው። ጀርባው ላይ ቁስል ካለ ደግሞ እስኪድን ምንም አትጫንበት።

---

የታቦር ጥግ (ሀዋሳ)
ጥቅምት 10

ወንድሜ፣ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቡላ የምትባል ትንሽ ፈረስ ነበረችኝ። ባለቤቴ ለልጆቹ ብሎ የገዛት። ልጆቹ ዳቦ ይሰጧታል፣ ስኳር ይሰጧታል፣ በበዓል የቀረ ድፎ ይሰጧታል። ክብ ሆና ነበር። ፎቶዋን ያየ ሁሉ ያደንቃት ነበር።

አንድ ጠዋት ከቆመችበት አልንቀሳቀስ አለች። የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ወደ ኋላ ተደግፋ ቆማለች። ሆዷን የታመመች መሰለን። ለሆድ መድኃኒት ተሰጣት። ወገቧ ነው ያለንም ነበር። ሦስት ቀን በዚህ አለፈ። እግሯን ያየ ሰው አልነበረም። ሰኮናዋን ስነካ ይፈጃል፤ እኔ ግን ፀሐይ መስሎኝ ነበር። አራተኛው ቀን ላይ የመጣው ሐኪም ገና ከበር ሲያያት ነገረን። አምስት ሳምንት ታገልን። ወፍራም አሸዋ አነጠፍንላት፣ ቀን ከሌት መድኃኒት ሰጠናት። አልተነሳችም።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራህ አይደለም። አንተ ገና እየመረጠ በሚረግጥበት ጊዜ ነው ያየኸው። እኔ ያን ጊዜ አላየሁትም። ምናልባት እሷም ሁለት ሳምንት እየመረጠች ረግጣ ይሆናል፤ እኔ ግን አንገቷን እያየሁ እደሰት ነበር።

እባክህ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጻፍልን።

---

የባለጋሪው ልጅ (አዳማ)
ጥቅምት 15

እህቴ፣ ስለ ቡላ አዝኛለሁ። ጽሑፍሽን ያነበብኩት ሌሊት ነው። ባትሪ ይዤ ወጥቼ ዳማ እንዴት እንደቆመ አየሁ። ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው። ተመልሼ ግን መተኛት አልቻልኩም።

ሐኪም መጥቶ አየው። የደም ምቱ በፊት እግሮቹ ላይ ይዘላል አለ፤ እኔም በጣቴ አገኘሁት። መጀመሪያ ላይ ነው፤ አጥንቱ የዞረ አይመስልም ብሏል። የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጠው፤ ሰኮናውን አሳጠረለት፤ አሸዋ አንጥፉለት አለ። አነጠፍን።

ለካሁት። ደረቱ 152፣ ርዝመቱ 134። ሒሳቡን ስሠራው 261 ኪሎ ገደማ ወጣ። ዶክተር፣ ልክ ነኝ?

ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ጠዋት ሞላሰሱን ሲጠብቅ ግንባሩን ደረቴ ላይ ያሻሻል። ድርቆሽ ስሰጠው ያሸተውና ቀና ብሎ ያየኛል። ያን ጊዜ እጄ ወደ ጆንያው ይሄዳል።

---

ሐኪም ከቢሾፍቱ
ጥቅምት 15

ሒሳብህ ልክ ነው። ለእሱ በቀን አራት ኪሎ ደረቅ መኖ ማለት ነው። በአንዴ አትስጠው፤ አራት ቦታ ከፍለህ ስጠው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ውስጥ ብታደርገው ደግሞ ረጅም ሰዓት ያኝካል።

ስለ ጆንያው፦ ሞላሰሱን ከግቢው አውጣው። ለጎረቤት ላም ስጠው። ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ ጠዋት ትሸነፋለህ። እኔም ብሆን እሸነፋለሁ።

ግንባሩን ሲያሻሽህ እከክለት። እሱም ይበቃዋል።

---

31 ዓመት በጋሪ
ጥቅምት 16

ልጄ፣ የአባትህ ጠፍር ግድግዳ ላይ አለ አላልክም? አውርደውና እየው። ዳማ ይታሰርበት የነበረው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ተበልቶ ታገኘዋለህ። አባትህ የት ላይ ያስረው እንደነበር ያሳይሃል።

---

የባለጋሪው ልጅ (አዳማ)
ጥር 20

ሰላም ቤተሰብ። ዘገየሁ። እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ሳይኖረኝ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ዳማ ኮረኮንች ላይ ደህና መሄድ ከጀመረ ወር ሆነው። የደም ምቱን አሁን ፈልጌ በጭንቅ ነው የማገኘው። ሐኪሙ ፈቅዶልኝ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በእጄ እየሳብኩ ወደ ቦኩ ተራራ በኩል አስኬደዋለሁ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነበር። አሁን ሃምሳ ደርሰናል። ፀሐይ ሳይከር እንመለሳለን። የእህቴ ልጅ ገና አልተፈቀደለትም፤ ከጎኔ በእግሩ ይሄዳል።

ደረቱ 146 ገብቷል። 240 ኪሎ ገደማ ነው። በሦስት ወር ሃያ ኪሎ። አንገቱ ግን ቀስ እያለ ነው። በአንድ እጄ መጨበጥ ችያለሁ፤ ጠንካራነቱ ግን አልለቀቀም። ዶክተር በውስጥ መስመር ሲጽፉልኝ አንገት መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው ብለውኛል።

ለገና ተማሪዋ ስትመጣ ቡና አፈላን፤ ሦስቱንም ጠጣች። ዳማን ከአንገቱ እስከ ጭራው ዳሰሰችው። በቴክሳሱ መለኪያ 8 የነበረው 7 ሆኗል አለች። ትንሽ ይቀረናል።

ሰፈሩ ውስጥ አሁን «ዳማ ምን ነካው? ከሳሳ!» የሚሉኝ አሉ። የአባቴ አንድ ጓደኛ ደግሞ ተቆጥቶኝ ሄደ። «ሥራ አጣህ ወይ? ገንዘብ ልስጥህ?» አለኝ። እጁን ይዤ ጎድኑ ላይ አሳረፍኩት። አላለቀሰም፣ አልሳቀም፤ ብቻ ረጅም ጊዜ እጁን አላነሳም። እኔም በእሱ እጅ አጠገብ እጄን አሳርፌ ነበር። አንድ በአንድ ይመጣሉ። በዓይን ግን አይታዩም።

ሶደሬ መንገድ፣ ስለ ሽንኩርቱ ምን አደረግህ? ንገረን።

ጋሼ፣ ጠፍሩን አውርጄ አየሁት። እንዳሉት ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ተበልቷል። ሜትር ብይዝበት 134 ሆነ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ 203 ኪሎ አካባቢ። አባቴ ያስረው የነበረው እዚያ ላይ ነው። ጎድኑ ይቆጠር የነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። ለካ የዚያ ዘመን ረሃብ ቁጥር ነበረው።

ለዶክተር ላኩላቸው። ወደዚያ አንመለስም አሉ። ለዳማ አጥንት 141 ደህና ይሆናል፤ እዚያ ስትደርሱ ግን ሜትሩን ሳይሆን ጎድኑን እመን ብለውኛል። ስለዚህ ምስማር አግዬ፣ በአባቴ ቀዳዳና ዛሬ ጠፍሩ በሚደርስበት ቦታ መሃል፣ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ለጊዜው አምስት ሴንቲሜትር ይቀረዋል።